ጤፋችንን ማን አስያዘው? ማንስ አስለቀቀው?

(ከዛንዳም፣ ኔዘርላንድስ። «ዓ.ም.» ተብለው በሀገራችን አቆጣጠር ካልተለዩ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የሀገራችን ሰው። አጥሩን ስለነቀነቀው ሰው ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተጮኋል፤ ከጩኸቱ ውስጥ ጥቂቱ የእኛም ነበር። ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ግን ባለቤቱ ራሱን እንዴት እንዳስናቀ ነው። ይህን ስንል የሚቀየሙን ወዳጆች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ይቀየሙን።

ውድ አንባብያን፣ የምንኖርባት ዛንዳም ከአምስተርዳም በባቡር የሩብ ሰዓት መንገድ እንኳ አትሞላም። ነፋሱ ከወንዙ በኩል በነፈሰ ጊዜ ከተማይቱ ኮኮዋ ኮኮዋ ትሸታለች። በዛን ወንዝ ዳር የቆሙት ፋብሪካዎች ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ የሚመጣውን የኮኮዋ ፍሬ ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፣ ቅቤውን ከዱቄቱ ይለያሉ። በዚህች ምድር አንዲት የኮኮዋ ዛፍ አትበቅልም። ሆኖም ኔዘርላንድስ ኮኮዋ በብዛት በማስገባትና በመፍጨት ከዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት ሀገሮች አንዷ ናት። አይቮሪ ኮስትና ጋና ከዓለም ኮኮዋ ከግማሽ የሚበልጠውን እያመረቱ፣ በ2019 በእያንዳንዱ ቶን ላይ 400 ዶላር ለገበሬያቸው እንዲጨመርለት ለመጠየቅ ሁለቱ መንግሥታት ተማክረው አንድ ላይ መቆም ነበረባቸው። ፍሬው ያለው እዚያ ነው፤ ፋብሪካው፣ ስሙና ሕጉ ግን እዚህ ናቸው።

የሩስያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በ1697 የመርከብ ሥራ ሊማር ወደዚህችው ከተማ መጥቶ ነበር። ያረፈባት የእንጨት ጎጆ ዛሬም በሙዚየምነት ትጎበኛለች። ከሀገር ቤት እንግዳ በመጣብን ቁጥር እንወስደዋለን። ንጉሥ ሆኖ ሳለ የአናጢ ልብስ ለብሶ «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብሎ ጠየቀ። መጠየቅ እንደማያዋርድ የገባው ሰው ነበር። የእኛዎቹ ሹማምንት ወደዚህ ሀገር ሰዎች በቀረቡ ጊዜ ምን ምን እንደጠየቁና ምን ምን ሳይጠይቁ እንደቀሩ ነው የዛሬው ነገራችን።

በ2005 ኤፕሪል 5 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አንድ ስምምነት ተፈረመ። ፈራሚዎቹ በአንድ ወገን የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ነበሩ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ። በስምምነቱ መሠረት ኩባንያው የ12 የጤፍ ዓይነቶችን ዘር የመጠቀምና በአባሪው የተዘረዘሩትን የምግብ ዓይነቶች አምርቶ የመሸጥ መብት አገኘ። በምላሹ ከዘር ሽያጭ ትርፍ ድርሻ፣ እንዲሁም ከተጣራ ትርፉ አምስት በመቶ፣ ያም ቢሆን በዓመት ከ20 ሺህ ዩሮ የማያንስ ገንዘብ ለጤፍ ገበሬዎች ማገዣ በሚቋቋም ፈንድ ሊያስገባ ቃል ገባ። ዘመኑም 10 ዓመት ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሲያዩት የሚያኮራ ነው። በእርግጥም በዓለም ዙሪያ ስለ ብዝኃ ሕይወት የሚጽፉ ሊቃውንት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ስምምነት» እያሉ አወድሰውት ነበር። ኩባንያው በጤፍ የዘር ሀብት ላይ ምንም ዓይነት የአእምሮ ንብረት መብት እንዳይጠይቅ የሚከለክል አንቀጽም ተጽፎበት ነበር። ታዲያ ምን ጎደለው?

የጎደለው አንድ ጥያቄ ነበር። የኩባንያው መሪ ያንስ ሮስየን ጤፍ ዱቄትን ስለማዘጋጀት የፈጠራ ባለቤትነት መብት (ፓተንት) እንዲሰጠው በኔዘርላንድስ ማመልከቻ ያስገባው በ2003 ሐምሌ ወር ነው። ዓመቱን ጠብቆም በ2004 በዓለም አቀፉ መንገድ ቀጠለበት። እንግዲህ የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዕራቸውን ባነሱ ጊዜ ማመልከቻው ከገባ ከሃያ ወር በላይ አልፎታል ማለት ነው። ይህን ሰው «ከእኛ ጋር ከመፈራረምህ በፊት በጤፍ ጉዳይ የትም ቦታ ያስገባኸው ማመልከቻ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በስምምነቱ ላይ ማስፈር፣ የሕግ ሊቅነት አይጠይቅም። ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው እንኳ «ቤቱ በዕዳ ተይዟል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ማመልከቻው የያዘውን ነገር በጥቂቱ እናስረዳ፤ በዚህ ረገድ ከእኛ ወገን ብዙ የተዛባ ነገር ተነግሯልና። ፓተንቱ የጤፍን ተክል አልያዘም። የሰላሌ ገበሬ ጤፍ እንዳይዘራ፣ እናቶቻችን እንጀራ እንዳይጋግሩ የሚከለክል አልነበረም፤ ፓተንት ከተመዘገበበት ሀገር ድንበር አያልፍም። የያዘው ዱቄቱን ነው። ዳቦ ጋጋሪዎች የሚያውቁት አንድ መለኪያ አለ። ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ሲሞቅ አንዲት ዘንግ በሙቁ ውስጥ ሰጥማ ታች ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅባት ይለካል። ስንዴ በዚህ ሲመዘን ኖሯል። ፓተንቱ እንግዲህ፣ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ ቁጥሩ ከ250 የማያንስ ጤፍ ዱቄት፣ ከእርሱም የሚሠራው ሊጥና ምግብ የእኔ ነው የሚል ነበር። ትኩስ ታጭዶ ወዲያው የተፈጨ ጤፍ ለመጋገር አይመችም፤ ጥቂት ሳምንታት አርፎ ሲፈጭ ግን ይሠምራል፤ ይህም የእኔ ግኝት ነው አለ። ጎተራ የሚባለው ነገር ለምን የተሠራ መስሎት ይሆን? የሀገራችን ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ፣ ዓመቱን ሙሉ እየተቀነሰ የሚፈጭ እህል ነው።

የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት ይህንን ፓተንት በ2007 ጃንዋሪ ሰጠ። ቅርንጫፉ ከሄግ ጥግ ራይስቫይክ ላይ ነው፤ ከእኛ ቤት በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ። በአውሮፓ ሕግ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ በዘጠኝ ወር ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው፣ ባለጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ መቃወሚያ ሊያቀርብ ይችላል። ዘጠኙ ወር አለፈ። ኢትዮጵያ አልተቃወመችም። በሄግ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች ልጆች ያሉን እኛ ስደተኞችም አልተቃወምንም። በዚያ ዓመት እኛ የምንሰለፈው በሌላ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እንለፈው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ስምምነቱ ያሠረው የፈረመውን ኩባንያ ነበርና ኩባንያው ሲሞት ግዴታውም አብሮት ተቀበረ። ፓተንቱ ግን አልሞተም። እነዚያው ሰዎች ወዳቋቋሟቸው ሌሎች ኩባንያዎች ተሻገረ፤ በመጨረሻም ኤንሸንትግሬን በተባለው እጅ ተገኘ። ኢትዮጵያ ለሚሊዮኖች ዕለታዊ ምግብ ከሆነው እህሏ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ አራት ሺህ ዩሮ ነው። አላሳሳትንም፤ 4,000 ዩሮ። በዛንዳም ከተማ የሁለትና የሦስት ወር የቤት ኪራይ ነው። ይባስ ብሎ በስምምነቱ ውስጥ ኢትዮጵያ ለተዘረዘሩት ምግቦች የሚሆን የጤፍ ዘር ለሌላ ወገን ከኩባንያው ፈቃድ ውጭ ላለመስጠት ቃል ገብታ ነበር። ያኛው ቃሉን ለመጠበቅ አቅም ሳይኖረው፣ ይህችኛዋ እጇን አስራ ተቀመጠች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለካ ለዚህ ዘመን ነው!

ይህን ታሪክ ከነሰነዱ አገላብጦ የነገረን ማን ይመስላችኋል? የንግድ ሚኒስቴር አይደለም፤ ፓርላማው አይደለም፤ እኛ ተቃዋሚዎችም አይደለንም። በኖርዌይ የፍሪትዮፍ ናንሰን ተቋም ተመራማሪዎች ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ቪንገ በ2012 ባወጡት ጥናት ነው። እኛ ያንን ጥናት ባነበብን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የነደደን የፈረንጁ ብልጠት ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እንናገር። በዚያች የ1997 ዓ.ም. መጋቢት እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሳምንታዊ የግል ጋዜጣ እንሠራ ነበር። ስምምነቱ ሲፈረም የግንቦት 7ቱ ምርጫ አርባ ቀን ቀርቶታል። የዝግጅት ክፍሉ በምርጫ ክርክር ዘገባ ተጨናንቋል፤ ጋዜጣው ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ አዟሪዎች በር ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁበት ዘመን ነበር። በእርሻ ምርምር ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ወዳጃችን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው፣ «ስለ ጤፍ ከፈረንጆች ጋር የሚፈራረሙት ነገር አለ አሉ፤ ከእናንተ አንዱ ቢያየው ጥሩ ነበር» አሉን። «ከምርጫው በኋላ እናየዋለን፣ ጋሼ» አልናቸው። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከምርጫው በኋላ የሚያይ ዓይን አልቀረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ከደርዘን በላይ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ የግል ጋዜጦች በየተራ ተዘጉ፤ የቻለ ድንበር ተሻገረ። ፓተንቱ በ2007 ሲሰጥ፣ በጀርባው ላይ ያለውን ጉድ ገልብጦ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ጋዜጣ በአዲስ አበባ ጎዳና ለማግኘት ያስቸግር ነበር። ብዙዎች የጋዜጣን መዘጋት የፖለቲከኞች ቅንጦት አድርገው ያዩታል። እኛ ግን የዘጠኙን ወር መቃወሚያ ጊዜ ባሰብን ቁጥር የታሸጉት የጋዜጣ ቢሮዎች በር ይታየናል። ሳንሱር የሚጎዳው ጸሐፊውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር።

እነዚያ የፈረሙት ባለሙያዎች ሌቦች ነበሩ አንልም። አንዳንዶቹን በሥራቸው እናውቃቸዋለን። ሀገሪቱም በዚህ ዘርፍ ዕውቀት አልጎደላትም ነበር። የአዲስ አበባው የዘር ባንክ በ1976 የተቋቋመ፣ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የአፍሪካን ቡድን እየመሩ በካርታኼና ፕሮቶኮል ድርድር ከኃያላኑ ጋር የተሟገቱ፣ በ2000 የአማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ዓመት ያዘጋጀው፣ የማኅበረሰብን የዘር መብት የሚያስከብር ሞዴል ሕግም የእኛው ሊቃውንት አሻራ አለበት። ታዲያ ለአህጉሩ ሕግ የምትነድፍ ሀገር የራሷን የዘር ሀብት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 482ን፣ ያወጣችው በ2006 ነው። ስምምነቱ በ2005፣ ሕጉ በ2006! በሩን ከፍቶ ዘራፊው ከወጣ በኋላ ቁልፍ መግዛት ይሉታል ይህንን። የሚፈርመው ባለሥልጣን ከማን ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ ለማን መልስ እንደሚሰጥ የሚደነግግ ሕግ በሌለበት ነው ብዕሩ የወረደው።

ይህም ሆኖ፣ በሐቅ እንናገር ከተባለ፣ ያው መንግሥት በዚያው ወራት ሌላ ነገርም ሠርቷል። ለወያኔ ምስጋና ስንጽፍ እጃችን ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው። በ2005 መጋቢት ኢትዮጵያ «ይርጋ ጨፌ»፣ «ሐረር»ና «ሲዳሞ» የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘግብላት ለአሜሪካ ፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም አልተመቸውም። የአእምሮ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ግን አልተፈቱም። በ2006 ኦክስፋም ዘመቻውን በአደባባይ አወጣው፤ በዋሽንግተንና በሲያትል ያሉ ወገኖቻችን፣ ከመንግሥቱ ጋር ደም የተቃቡት ሳይቀሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ በስታርባክስ ደጃፍ ቆሙ። በ2007 ሰኔ ኩባንያው ስምምነት ፈረመ።

ቡናውና ጤፉ በአንድ ጸደይ የተጀመሩ ጉዳዮች ናቸው። መንግሥቱም አንድ ነው፤ ችሎታውም አንድ ነው። ልዩነቱ ምን ነበር? የቡናው ጉዳይ ገና ሳያልቅ በአደባባይ ነበር፤ ሁሉም ሰው ምን እንደተጠየቀ፣ ማን እንደከለከለ ያውቅ ነበር። የጤፉ ጉዳይ ከተፈረመ በኋላ እንኳ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር። የተሟጋቹ ጉልበት ከጀርባው ካለው ሕዝብ የሚመጣ እንጂ ከማኅተሙ የሚመጣ አይደለም። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ፈረንጅ ይህንን አሳምሮ ያውቃል፤ ሕዝብ ከኋላው የሌለውን ሹም በአንድ እራት ግብዣ ያነበዋል።

አሁን ወደ ማስለቀቁ እንምጣ። ጤፍን ከዚህ ፓተንት ያስለቀቀው ማን ነው? ኤንሸንትግሬን በጤፍ ዱቄት የሚነግደውን ባከልስ ሲኒየር የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ «ፓተንቴን ጥሰሃል» ብሎ ከሰሰው። ተከሳሹም «ፓተንቱ ራሱ ከመጀመሪያውም ሊሰጥ የማይገባው ነው» ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ኖቬምበር 21 በሰጠው ውሳኔ የተባለው ነገር የፈጠራ ደረጃ የለውም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ያለ ፈጠራ ሊደርስበት የሚችል ነው ሲል ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ዋጋ አሳጣው። ባለ ፓተንቱም ይግባኝ ሳይል ቀረ።

ኢትዮጵያ በዚያ ችሎት ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ጣልቃ ገብም አልነበረችም። ሁለት የኔዘርላንድስ ነጋዴዎች ስለ ዳቦ ዱቄት ሲጣሉ በድንገት ነፃ ወጣን። በዋሽንግተን አምባሳደራችን የነበሩት አቶ ፍጹም አረጋ ፍርዱን መስማታቸውን በማኅበራዊ ድረ ገጽ ያበሰሩት በ2019 ፌብሩዋሪ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ማለት ነው። ወገኖቻችን «ጤፍ ተመለሰ!» ብለው ጨፈሩ፤ እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ አንዋሽም፣ ያን ዕለት ከአምስተርዳም እንጀራ አስመጥተን በላን። ግን ደስታው ሲበርድ አንድ ነገር ቆረቆረን። ያ ነጋዴ ፍርድ ቤት ባይሄድስ? ወይም ሁለቱ ነጋዴዎች በጓዳ ታርቀው ትርፉን ቢካፈሉስ? ፓተንቱ ዘመኑ እስኪያልቅ፣ እስከ 2024፣ ይቀጥል ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ መንግሥት ጤፍን ጠበቅሁ የሚለው ጥሬ እህሉ ከሀገር እንዳይወጣ በ2006 በማገድ ነበር። የእገዳው ዋና ምክንያት የአዲስ አበባ የእህል ዋጋ ነው፤ እርሱን አንነቅፍም፤ የድሃ መሶብ ይቅደም። ነገር ግን የጎጃሙና የሸዋው ገበሬ ጤፉን ለአውሮፓ ገበያ መሸጥ በተከለከለበት ዘመን ጤፍ በኔዘርላንድስ፣ በስፔንና በአሜሪካዋ አይዳሆ ማሳዎች ይዘራ ነበር። ዘሩ በስምምነት ወጣ፤ እህሉ በእገዳ ቀረ። ግሉተን የማይስማማው አውሮፓዊ ጤፍን ሲያውቅ የሰላሌን ገበሬ ሳያውቅ አወቀው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማያቋርጥ አንድ ጥያቄ አለን፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እርሱ ነው። ኢትዮጵያ ከ1997 ጀምሮ በዓለም ንግድ ድርጅት ታዛቢ ነበረች፤ አባል ለመሆን በ2003 ጃንዋሪ አመለከተች። የሥራ ቡድኑ በ2008፣ በ2011ና በ2012 ተሰበሰበ፤ ከዚያ ስምንት ዓመት ጸጥ አለ፤ በ2020 እንደገና ተነሳ፤ በ2025 መጋቢት አምስተኛው ስብሰባ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ሩጫው እንደ ፈረስ ግልቢያ ሆነ። በ2024 ለሀገሬው ብቻ ተጠብቆ የኖረው የአስመጪነት፣ የላኪነትና የጅምላ ንግድ ለውጭ ሰዎች ተከፈተ፤ ብሩ በገበያ ዋጋ ተለቀቀ፤ የውጭ ባንክ የሚያስገባው ሕግም ተከተለ።

እኛ በመርኅ የዚህ ድርጅት አባልነት ጠላት አይደለንም። ከእኛ ወገን «ሀገር ተሸጠ» የሚለውን መፈክር ከወዲሁ የሚያዘጋጁ አሉ፤ እባካችሁ መጀመሪያ እናንብብ። ሕግ ከሌለው ገበያ ይልቅ ሕግ ያለው ገበያ ለደካማ ይሻላል የሚለውን ክርክር እናከብራለን። አሜሪካ በአጎዋ የሰጠችንን ከቀረጥ ነፃ መብት በ2022 ጃንዋሪ በአንድ ፊርማ ስታነሳው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሴት ልጆች የደረሰባቸውን አይተናል። የጦርነቱን ግፍ የፈጸሙት እነርሱ አልነበሩም፤ ሥራቸውን ያጡት ግን እነርሱ ናቸው። በችሮታ የተሰጠ ገበያ በቁጣ ይወሰዳል። በውል የተያዘ መብት ከችሮታ ይሻላል፤ ውሉን የተዋዋለው ሰው የሚጠየቅበት ሀገር ከሆነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአባልነት ድርድር ጊዜ አንድ ሀገር ለየሀገሩ የምታቀርበው የቀረጥና የአገልግሎት ዘርፍ ስጦታ ድርድሩ እስኪያልቅ በምስጢር ይያዛል፤ የድርጅቱ ልማድ ነው። ያም ሆኖ የራስን ሕዝብ ማማከርን የሚከለክል ደንብ በጄኔቭ የለም። እጅግ ላላደጉ ሀገሮች የአእምሮ ንብረት ስምምነቱን እንዳይተገብሩ የተሰጠው እፎይታ እስከ 2034 ሐምሌ ተራዝሟል። አዲስ ገቢ ሀገሮች ግን በድርድር ወቅት ከዚህ እፎይታ ቀድመው እንዲወጡ ይጎተታሉ፤ አንዳንዶቹም ተስማምተዋል። ኢትዮጵያስ ምን አለች? የዘር ጉዳይ፣ የገበሬው ዘር አስቀምጦ የመዝራት፣ ከጎረቤቱ የመለዋወጥ መብት በየትኛው ገጽ ላይ ተቀምጧል? በ2024 ሜይ በጄኔቭ የዓለም አእምሮ ንብረት ድርጅት አባል ሀገሮች አንድ ውል አጽድቀዋል፤ በዘር ሀብት ላይ የተመሠረተ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ዘሩ ከየት ሀገር እንደመጣ እንዲናገር የሚያስገድድ ነው። አፍሪካውያን ይህን ሲጠይቁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ2003 ይህ ውል ቢኖር ኖሮ የጤፉ ማመልከቻ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል መስፈር ነበረበት።

ሹማምንቶቻችን በየመድረኩ ስለ ድርድሩ ሲናገሩ እንሰማቸዋለን። ምላሳቸው ጤፍ ይቆላል። ስንት ስብሰባ እንደተደረገ፣ ስንት ሀገር እንደደገፈ፣ ምን ያህል ጥያቄ እንደተመለሰ ይነግሩናል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ድርድሩ የትም ይድረስ የት ጥያቄዎቹ አያረጁም። ለምን ያህል ዕቃዎች ምን ያህል የቀረጥ ጣሪያ ገባችሁ? የጣሪያውን ዝርዝር ያየ የሕዝብ ተወካይ አለ? ካየ፣ በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ፣ በየትኛው ቀን? የዘር ሀብት አዋጁን የሚነካ ቃል ለማንም ሰጥታችኋል? ከሰጣችሁ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ተተርጉሞ ገበሬው ማኅበር ደርሷል? ተደራዳሪ ሆነው የሚቀመጡት ሰዎች ነገ ከሥራቸው ሲለቁ ለተደራደሩት ኩባንያ አማካሪ እንዳይሆኑ የሚከለክል ደንብስ አለ? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚያናድዱት ሰው ካለ፣ ንዴቱን ለእኛ ከመግለጽ ይልቅ ወረቀቱን ቢያወጣው ይቀልለዋል።

በስደት ላለነውም አንድ ቃል አለን። ከዛንዳም እስከ ራይስቫይክ የባቡር ትኬት ከአንድ ሰልፍ ባነር ዋጋ ያነሰ ነው። የፓተንት መዝገብ ደግሞ ቤት ሆኖ በኮምፒውተር የሚታይ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ሰነድ ነው። «ጤፍ»፣ «እንሰት»፣ «ኮረሪማ»፣ «ኑግ»፣ «ገሾ» የሚሉትን ቃላት በላቲን ስማቸው እየጻፈ በወር አንድ ጊዜ የሚፈትሽ፣ አዲስ ነገር ሲያገኝ የዘጠኙን ወር ቀን ቆጥሮ የሚያስጠነቅቅ አንድ ቡድን ለማቋቋም የፖለቲካ ፕሮግራም አንድነት አያስፈልግም። የኅብረትና የቅንጅት፣ የብሔርና የዜግነት ጭቅጭቃችንን ለዚያች አንዲት ምሽት አስቀምጠን ልንሠራው እንችላለን። የሕግ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆቻችን፣ ደችና እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚጠጡት፣ መቃወሚያ ማርቀቅ ይችላሉ። በኔዘርላንድስ ያለን ጥቂት ሰዎች ጀምረነዋል፤ እስካሁን ሁለት የሕግ ተማሪዎች፣ አንዲት የምግብ ኬሚስትሪ ባለሙያና እኛ ነን።

ሀገር ቤት ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ በተለይ በምርምር ጣቢያዎችና በንግድ መሥሪያ ቤቶች ያላችሁ፣ ስማችሁን መግለጽ አያስፈልጋችሁም። የተፈረመ ወይም ሊፈረም የተዘጋጀ ነገር ካያችሁ፣ ቀኑንና የፈራሚውን መሥሪያ ቤት ብቻ ጻፉልን። ምርጫ ቢኖርም፣ ጦርነት ቢኖርም፣ ያን ዕለቱኑ እናየዋለን።